ልጁ በቃሉ ይያዝ ወይስ በእጁ ይሥራ?

ኩዌት ውስጥ ልጅ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ብዙ አይደሉም። አብዛኛው ወገናችን የገባው በቤት ሠራተኝነት ቪዛ፣ በአንቀጽ 20 ነው፤ ይህ ቪዛ ቤተሰብ ለማስመጣት አይሆንም። በግል ድርጅት የሚሠራውም ቢሆን ልጁንና የትዳር ጓደኛውን በአንቀጽ 22 ለማስገባት የደመወዝ ወለል አለበት። ወለሉ በ2019 እ.ኤ.አ. ከ450 ወደ 500 ዲናር ከፍ አለ፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ 800 ገባ። ስለዚህ በሳልሚያ፣ በፈርዋኒያ፣ በጀሊብ ወይም በማንገፍ ማልዶ ልጁን ሰርቪስ የሚያሳፍረው አበሻ ወላጅ በጣት የሚቆጠር ባይሆንም ጥቂት ነው። ጥቂትም ሆኖ በአንድ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሏል፤ ትንሽ ልጅ ክፍል ውስጥ ጊዜውን በምን ያሳልፍ በሚለው።

አንደኛው ወገን፣ ልጅ ሲጀምር ፊደሉን ይቁጠር፣ ማባዣውን በቃሉ ይወጣው፣ ቃል ጽሕፈት ይጻፍ፣ ደብተሩ ይታረም፣ ጨዋታው ይደርሳል ይላል። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ የሰባት ዓመት ልጅ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ቁጭ ብሎ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ምን ተማረ ይባላል ብሎ ይጠይቃል፤ ይንካ፣ ይጠይቅ፣ ከጓደኛው ጋር ይሞክር፣ ቢሳሳትም ራሱ ይድረስበት ባይ ነው። በሁለቱም በኩል የማከብራቸው ወላጆች አሉ። ሁለቱም ከገዛ ልጃቸው ምሳሌ ያመጣሉ፣ ምሳሌያቸውም እውነት ነው። አንዱን ልጅ የጠቀመው መንገድ ሌላውንም ይጠቅማል ለማለት ግን ገና ብዙ ይቀራል።

ጥያቄው ኩዌት ላይ የሚከርርበት የራሱ ምክንያት አለው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በዋናነት ለዜጋው ልጅ የቆመ ነው፤ የውጭ አገር ሰው ልጅ፣ ጥቂት የተፈቀደላቸው ሲቀሩ፣ የሚማረው በግል ትምህርት ቤት ነው። ግሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የሕንድ አለ፣ የፓኪስታን አለ፣ የፊሊፒንስ አለ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ አለ፣ የአገሩን ሥርዓተ ትምህርት በዐረብኛ የሚያስተምርም አለ። የትምህርት ዘመኑ እንኳ አይገናኝም፤ የሕንዶቹ በኤፕሪል ሲጀምር የእንግሊዞቹ በሴፕቴምበር ነው። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቱ ከ1953፣ የሕንድ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቱ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ ናቸውና እያንዳንዱ መንገድ የቆየ ልማድና የራሱ ጠበቃ አለው። አዲስ አበባ ላይ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲመርጥ በአብዛኛው የሚመርጠው ጥራትና ርቀት ነው። እዚህ ግን ሳያውቀው የማስተማሪያ ዘዴም አብሮ ይመርጣል።

ይመርጣል ማለትም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክፍያው በዓመት ከጥቂት መቶ ዲናር ተነሥቶ ሦስትና አራት ሺህ ድረስ ይዘልቃል። ርካሹ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ይበዛበታል፤ ልጅ በበዛበት ክፍል ደግሞ መምህርቷ ብትወድም ባትወድም ሰሌዳና ደብተር ላይ ማተኮሯ አይቀርም። ውዱ ክፍል ምንጣፍ የተነጠፈበት የንባብ ጥግ፣ ረዳት መምህርትና የመቀስ ሣጥን ይኖረዋል። ስለዚህ ክርክሩ የትምህርት ፍልስፍና ይመስላል እንጂ ግማሹ የኪስ ነው። ብዙ ጊዜ ኪሳችን ከወሰነ በኋላ ምክንያቱን እንፈልግለታለን፤ ይህን ስል ለመውቀስ አይደለም።

በቃል መያዝን ከሚደግፈው ወገን ልጀምር፤ ክርክሩ ከሚታሰበው በላይ ጠንካራ ነውና። ዐረብኛ በኩዌት የግል ትምህርት ቤቶችም ግዴታ ነው። ቤቱ አማርኛ የሚናገር የሁለተኛ ክፍል ልጅ የሳምንቱን ቃል ጽሕፈት፣ እነሱ ኢምላ የሚሉትን፣ ሲጽፍ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። መምህርቷ አንድ ቃል ትጠራለች። ልጁ በመጀመሪያ ድምፁን ይለያል፤ ከጉሮሮ የሚወጣው ዐይን ነው ወይስ አሊፍ? ቀጥሎ ቅርጹን ያስባል፤ ያው ፊደል በቃሉ መጀመሪያ አንድ መልክ፣ መኻል ሌላ፣ መጨረሻ ሌላ አለው። ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ካለፈው ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲጽፍ ቆይቶ። ቁጥሩ ላይም ወጥመድ አለ፤ በዐረቦቹ አጻጻፍ ዜሮ ነጥብ ናት፣ አምስት ደግሞ ክብ ሆና ቁርጥ የእንግሊዝኛውን ዜሮ ትመስላለች። ማታ ቤቱ ሲገባ የሀሁ ገበታ ከነሠላሳ ሦስት ረድፉ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ እጁ ካልለመደው አእምሮው ለትርጉም የሚሆን ጉልበት አይተርፈውም። ደጋግሞ መጻፍና ደጋግሞ ማለት ለዚህ ልጅ የግድ ነው።

ጉድለቱም እዚያው ደብተር ላይ ይታያል። ከአሥር አሥር ያገኘው ልጅ ከጻፋቸው ቃላት አንዱን አንሥተው «ይሄ ምን ማለት ነው?» ቢሉት ዝም የሚልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በሳምንቱ ሌላ አሥር ቃል ይመጣና የፊተኛው ይሄዳል። ወላጅ ዐረብኛ የማያነብ ከሆነ ደግሞ ማየት የሚችለው ቀዩን ብዕር ብቻ ነው። ቀይ ያልነካው ገጽ ደስ ያሰኛል፣ ይፈረምበታል፤ ልጁ ምን ያህል እንደገባው ግን ላይናገር ይችላል።

ይህ መንገድ ለእኛም ለአገሬዎቹም እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገር ነበር፤ ዳዊት ሲደግም ይደገስለታል። በወሎና በጅማ ቁርኣን ቤቶች ልጅ በሉሁ ላይ ጽፎ፣ ቀርቶ፣ አጥቦ እንደገና ይጽፍ ነበር። ኩዌትም ሙባረኪያ ትምህርት ቤት በ1911 እ.ኤ.አ. እስኪከፈት ድረስ ልጆቿን የምታስቀራው በኩታብ፣ ማለትም በቁርኣን ቤት፣ በሙላው ፊት ነበር፤ ቁርኣኑን ያኸተመ ልጅ በሰፈሩ እየዞረ ይከበር ነበር። የእኛው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሙባረኪያ በሦስት ዓመት ይቀድማል። አንድ የወሎ አያትና አንድ የኩዌት አያት ስለ ልጅነታቸው ትምህርት ቢጨዋወቱ ብዙም የሚያጣላቸው አይኖርም። በዚያ መንገድ ሊቃውንት ወጥተዋል፤ እሱ አይካድም። ነገር ግን የምናየው የወጡትን ነው። በመኻል ደክሟቸው የቀሩት ማስታወሻ አልጻፉልንም።

ሁለተኛው ወገን የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ከቀሩት። ከዚህ ወገን ያሉ ወላጆች ብዙዎቹ በልጅነታቸው አርጩሜና ቁንጥጫ የቀመሱ ናቸው። የኢትዮጵያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ልማዱ ግን ከድንጋጌው በኋላም እንደቆየ በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ለእነዚህ ወላጆች በቃል መያዝና ዱላ በትዝታቸው ውስጥ አይለያዩም። ክፍል ገብቶ የማይፈራ ልጅ ማየት በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። ግን ሁለቱ የግድ አብረው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም። ማባዣ ያለ አርጩሜ ይያዛል፤ የቡድን ሥራም ባለበት ክፍል የምታሸማቅቅ መምህርት ልትኖር ትችላለች።

የሚያሠሩት ክፍሎችም ምን እንደሚመስሉ ጠጋ ብሎ ማየት ደግ ነው። የታወቀው የባቄላ ሙከራ ይኸውና፤ እርጥብ ጥጥ፣ ብርጭቆ፣ አንድ ፍሬ ባቄላ። አራት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከብበዋል። አንዷ ውሃውን ታንጠባጥባለች። አንዱ «በዛ! በዛ!» ይላል። ሦስተኛዋ ቀኑንና የሥሩን ርዝመት ሰንጠረዥ ላይ ትሞላለች፤ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ሁልጊዜ እሷ ናት የምትጽፈው። አራተኛው መስኮቱን እያየ ነው። በአራተኛው ቀን ሥሩ ወደ ታች ሲያጎነብስ መስኮት ሲያይ የነበረው ልጅ ሳይጠራ መጥቶ «ቢገለበጥስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከየትኛውም ደብተር ተገልብጦ አይመጣም። የሁለተኛው ወገን ሙሉ ክርክር እዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ፤ ጥሩ ክርክርም ነው።

ታዲያ መስኮት ሲያይ የነበረው ልጅ «ሥር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ መጻፍ ይችላል ወይ ቢባል ላይችል ይችላል። ሰንጠረዡን አልሞላማ። አብራው የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ ለአራቱም ስትጽፍ ከረመች። የባቄላው ፎቶግራፍ በወላጆች ዋትሳፕ ተልኮ፣ የልብ ምልክት ተደርድሮለት፣ አራቱም «ጎበዝ» ተብለው ይለያያሉ። ማን ምን እንደያዘ ለማወቅ መምህርቷ ሌላ መንገድ ያስፈልጋታል፤ ጊዜው ደግሞ አልቋል።

ከኢትዮጵያ የመጣ ወላጅ የቡድን ሥራ ሲባል ፊቱ የሚጠቁረው በከንቱ አይደለም። የ1 ለ 5 አደረጃጀትን ያስታውሳል፤ አንድ ጎበዝ ይመራል፣ አምስቱ ይማማራሉ ተብሎ ተጀምሮ በብዙ ክፍሎች ጎበዙ ሠርቶ አምስቱ የሚገለብጡበት የሆነውን። በታችኞቹ ክፍሎች ልጆች ሳይወድቁ የሚያልፉበትን ሥርዓትም ያስታውሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው «መጀመሪያ ማንበብ ይቻል፣ ጭብጨባው ይቆየን» ቢል ወግ አጥባቂ ነው ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በሌላ በኩል፣ ሰባና ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ መጽሐፍ ለሦስት በሚታይበት የከሸፈ የቡድን ሥራ ስለ ቡድን ሥራ የሚነግረን ውሱን ነው። ያው ክፍል ቃል ጽሕፈቱንም አላሳካውም፤ ማንበብ ያቃታቸው ልጆች አብዛኛውን ቀን ከሰሌዳ ሲገለብጡ የዋሉ ነበሩ።

ጥናት ይዳኘን ብንልም ዳኛው ቶሎ አይፈርድም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ያነበቡትን ደግመው ካነበቡት ይልቅ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ከቀናት በኋላ የበለጠ እንደያዙ አሳይተዋል። ይህ የመጀመሪያውን ወገን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የተጠኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ የሰባት ዓመት ልጆች አይደሉም። ደግሞም ከደብተር ዘግቶ ማስታወስና ከሰሌዳ መገልበጥ በጣም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በዚያው ዓመት ሃሪስ ኩፐር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የቤት ሥራ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር በታችኞቹ ክፍሎች የቤት ሥራና ውጤት ያላቸው ዝምድና ከፍ ካሉት ክፍሎች የላላ ሆኖ አግኝቶታል። ይህም ሁለተኛውን ወገን ያስደስታል፤ የላላ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

ሲንጋፖርን ደግሞ ሁለቱም ለራሳቸው ይጠቅሷታል። በ2019ኙ ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ምዘና፣ ቲምስ፣ የሲንጋፖር አራተኛ ክፍል በሒሳብ 625 አመጣ። አንደኛው ወገን ልምምዱንና ፈተናውን ያያል። ሁለተኛው ልጆቹ ሒሳብን በመጀመሪያ በሚጨበጥ ዕቃ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ መጨረሻ ላይ በምልክት እንደሚማሩ ያያል። ሁለቱም ያዩት እዚያ አለ።

ኩዌት በዚያው ምዘና 383 ነበራት፤ የመለኪያው መካከለኛ 500 ነው። ከአራት ዓመት በፊት 353 ነበረች፣ ስለዚህ ጭማሪ አለ። ጭማሪው ከየት መጣ ለሚለው ግን ፈጥኖ ባለቤት መስጠት ይከብዳል። በዚያ ጊዜ አካባቢ የትምህርት ሚኒስቴሩ በዓለም ባንክ ድጋፍ በብቃት ላይ የተመሠረተ ሥርዓተ ትምህርት፣ ማለትም ልጁ ምን ያውቃል ከማለት ምን ማድረግ ይችላል ወደማለት ያዘነበለ፣ ጀምሮ ነበር። መምህራኑ የምዘና ወረቀቱ በዛብን አሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሚኒስቴሩ ከዚያ መንገድ አፈገፈገ። የአዲሱ ደጋፊዎች ጊዜ አልተሰጠውም ይላሉ፣ የነባሩ ደጋፊዎች ለክፍሉ አልሆነም ይላሉ። ገንዘብ በማያጣ አገር እንኳ ዘዴ መቀየር ከመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ወረቀት እንዳለው መርሳት አይገባም።

ከወላጆቹ ወጣ ብዬ ስለ ሌሎቹ ልናገር፤ ከእኛ ሰው መኻል ከትምህርት ጋር በየቀኑ የሚገናኙት እነሱ ናቸውና። የቤት ሠራተኞቹን ማለቴ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አልፎ አልፎም ዲግሪ ያላቸው እህቶች በሱራና በሚሽሪፍ ቪላዎች ውስጥ አሉ። ጠዋት የአሠሪን ልጅ አልብሰው፣ ቦርሳውን አስይዘው፣ ሰርቪሱ ድረስ ይሸኙታል። ከሰዓት የእንግሊዝኛ የቤት ሥራውን አብረውት ይቀመጣሉ። የካቲት ሲገባ፣ ፌብሩዋሪ 25 ብሔራዊ ቀን ነውና፣ ልጁ ከትምህርት ቤት «ፕሮጀክት» ይዞ ይመጣል፤ ካርቶን፣ ሙጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ወረቀት። ማታ ማዳም እንግዳ ተቀብላ፣ ልጁ ተኝቶ፣ መቀሱን የያዘችው ማን እንደሆነች መገመት አያዳግትም። የኩዌት የ2015 እ.ኤ.አ. የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ የቀን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ የካርቶን ሥራው ከየትኛው ሰዓት እንደሚቆጠር ግን ጠይቆ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። የተግባር ትምህርት ደጋፊዎች ይህን ጎን ብዙ ጊዜ አያዩትም። ልጅ በእጁ ይማራል የተባለው ሥራ ቤት ሲላክ በማን እጅ እንደሚሠራ አይታወቅም።

ይህችው ሴት የራሷን ልጅ ለእናቷ ትታ መጥታ ሊሆን ይችላል፤ ደሴ፣ ጎንደር ወይም ጅማ። ሥራ ሲያልቅ በኢሞ ትደውላለች። «የሰባትን በልልኝ እስቲ» ትላለች። «ሰባት አንዴ ሰባት፣ ሰባት ሁለቴ አሥራ አራት…» ይላል ልጁ፤ ስልኩ ይቆራረጣል፣ ሰባት ስድስቴ ላይ ይጠፋል፣ እንደገና ትደውላለች። በስልክ የሚሰማ ትምህርት ይህ ነው። የባቄላውን ሥር በስልክ ማረም አይቻልም፤ በቡድን የተሠራው ሥራ ውስጥ የልጇ ድርሻ የቱ እንደሆነ ከሩቅ መለየት አይቻልም። ማባዣ ግን ይሰማል፤ ስሕተቱም ይታረማል፣ ደስታውም ይደርሳል። በቃል መያዝን የሚነቅፍ ሰው ይህን ቢያስብ ነቀፋውን የሚያለዝብ ይመስለኛል። ይሁንና ይህ የእናትየዋ ምክንያት ነው፣ ከልጁ አንጻር ሲታይ ሰባቴውን አውቆ ሰባት ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ ማስላት ካልቻለ ጥያቄው እንዳለ ይቆያል።

የኮሮናው ጊዜም ለሁለቱም የሚሆን ማስረጃ ሰጥቷል። የኩዌት ትምህርት ቤቶች በማርች 2020 ተዘግተው ልጆች በአካል የተመለሱት በ2021 መጸው ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በስክሪን የቀጠለው ንባብ፣ ቃል ጽሕፈትና መልመጃ ነበር፤ ያለ ደብተሩ ልምድ ልጆቹ ባዶ በቀሩ ነበር ማለት ይቻላል። ሲመለሱ ደግሞ ብዙዎቹ ያጡት ነገር ተራ መጠበቅ፣ ከጓደኛ ጋር መነጋገር፣ እጅ አውጥቶ መጠየቅ እንደነበር መምህራን ደጋግመው ተናግረዋል። ይህ በደብተር አይሞላም።

የእኔ ዝንባሌ፣ ለክርክር ክፍት መሆኑን እያሰብኩ፣ ሁለቱን በቀን ከፋፍሎ ማስኬድ ሳይሆን በአንድ ትምህርት ላይ ማገናኘት ነው። እሑድ ቃል ጽሕፈት፣ ማክሰኞ ጨዋታ ሲባል አንዱ ሌላውን አያውቀውም። የሳምንቱ አሥር ቃላት የምግብ ስሞች ናቸው እንበል። ልጆቹ ጠዋት ደብተር ዘግተው፣ ማርክ ሳይያዝ፣ የትናንቶቹን ቃላት ለአሥር ደቂቃ ያህል ከራሳቸው አውጥተው ይጻፉ። ከዚያ በእነዚያው ቃላት ክፍሉ ውስጥ ባቃላ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ፣ ይክፈቱ፤ ዕቃው ላይ ስሙን በዐረብኛ ለጥፈው፣ ዋጋውን በፊልስ ጽፈው። አንድ ዲናር 1000 ፊልስ ነው። ሦስት ጭማቂ በ150 የገዛ ልጅ ግማሽ ዲናር ሰጥቶ መልሱን ሲጠብቅ፣ ባለሱቁ ማባዣውን በቃሉ ካልያዘ ወረፋው ይረዝማል። በቃል የተያዘው ነገር ምን እንደሚሠራ ልጁ የሚያየው እዚህ ነው፤ ጨዋታውም ያለ ቃሉ እንደማይሄድ ያያል።

የቡድን ሥራውም አይቅር፤ ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ገጽ ይጻፍ፣ ጸሐፊዋም በየሳምንቱ ትቀየር። የቤት ሥራ ልጁ ብቻውን የሚጨርሰው አጭር ነገር ይሁን፤ ካርቶንና ሙጫው ክፍል ውስጥ ይቅር።

ይህ ሁሉ ዋጋ አለው፣ ዋጋውን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ባቃላ የሚከፈትበት ክፍለ ጊዜ ዝግጅት ይጠይቃል፤ ሠላሳ አምስት ልጅ ያላት መምህርት ሁልጊዜ የምትችለው አይደለም። ጩኸት አለው፣ የጎረቤት ክፍል ያማርራል። መጽሐፉ በጊዜው ላያልቅ ይችላል፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው ደግሞ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደደረሱ ነው። ደብተር ወዳዱ ወላጅ የታረመው ገጽ አነሰ ይላል፣ ጨዋታ ወዳዱ ፈተናው አልቀረም ይላል። ሁለቱም ቅሬታ እውነት ይሆናል። ከርካሹ ትምህርት ቤት ሙሉውን መጠበቅ አይቻልም፤ ጠዋት ደብተር ዘግቶ ማስታወስ ግን ምንጣፍም ረዳት መምህርትም አይፈልግም። ወላጅም በስብሰባ ቀን «ስንተኛ ወጣ?» ከማለቱ በፊት ብቻውን ምን መሥራት እንደሚችል ቢጠይቅ መምህርቷ የምትመልሰው የተለየ ይሆናል።

ዝንባሌዬ የማይሠራባቸው ልጆችም አሉ። በሦስተኛ ክፍል ከአዲስ አበባ ተነቅሎ ያለ አንድ ቃል ዐረብኛ የገባ ልጅ ለመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ደብተሩ ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል፤ ቋንቋውን ሳይዝ ቡድን ውስጥ ቢቀመጥ ዝም ብሎ ነው የሚውለው። ፈተና ሲሰማ ሆዱን የሚያመው ልጅ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ሌላው ነገር የኑሮው ጊዜያዊነት ነው። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ከሥራው ጋር የታሰረ ነውና ሥራው ሲቋረጥ ቤተሰቡ በወራት ውስጥ አገር ቤት ሊገኝ ይችላል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ አሁን የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና አለ፣ ልጁም በአማርኛ አንብቦ መልስ ማጥቆር ይጠበቅበታል። ይህን የሚሰጋ ወላጅ ወደ ደብተሩ ቢያደላ አልከራከረውም። ወደ ካናዳ የሚሄድ ጉዳይ የጀመረው ጎረቤቱ በተቃራኒው ቢያደላም አይገርመኝም። ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ መምህርቷም የትኛው ወዴት እንደሚሄድ የሚነግራት የለም፣ ወላጆቹ ራሳቸው ሄደው ካልነገሯት በቀር።